መውረዱን ውሃው ያስተምርሻል

እናትሽ ትናንት ማታ ደውላ ግማሹን በለቅሶ፣ ግማሹን በቁጣ፣ «ይህቺ ልጅ ጅቡቲ ሄዳ ባሕር ውስጥ ልትጠልቅ ነው፤ የምትሰማው አንተን ብቻ ነውና ከልክልልኝ» ብላኛለች። አልከለክልሽም። ብከለክልሽ ተደብቀሽ ትሄጃለሽ፤ ተደብቆ የሚማር ሰው ደግሞ መጠየቅ ያለበትን አይጠይቅም፣ ያመመውን አይናገርም። ይልቅ ተቀመጪና ስሚኝ። ወጣትነቴን የጨረስኩት ጅቡቲ ወደብ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ጠላቂዎችን ወደ ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች በሚያመላልሱ ጀልባዎች ላይ መጀመሪያ ገመድ ሳቢ፣ ቀጥሎ ሲሊንደር ሞይ፣ በኋላም ራሴ ጠላቂ ሆኜ ኖሬያለሁ። እናትሽ ይህን እያወቀች ከልክል ማለቷ ይገርመኛል።

ከሁሉ አስቀድሜ የምነግርሽ አንድ ነገር ነው፤ ሌላው ሁሉ የእሱ ዝርዝር ነው። መውረድ ሙያ አይደለም። ወገቡ ላይ እርሳስ የታጠቀ ሁሉ ይወርዳል። ሙያው ያለው መውጣቱ ላይ ነው። ጠላቂን አልጋ ላይ የሚጥሉት ትልልቆቹ ሕመሞች የሚመጡት ሲወጣ፣ ያውም ቸኩሎ ሲወጣ ነው። ያንቺ መውጫ ደግሞ እንደ ሌላው ሰው ውሃው ገጽ ላይ አያበቃም፤ አዲስ አበባ ድረስ ይዘልቃል። ወደዚያ እመለስበታለሁ።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አባቶች። የዛሬ ልጆች ግን ልብሱን ለብሰው ፎቶ ከተነሡ በኋላ ነው ትምህርቱ ትዝ የሚላቸው። ጅቡቲ ስትደርሺ የሁለት ትምህርት ቤት ስም ትሰሚያለሽ። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው ፓዲ ነው፤ ሌላው እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመውና ዣክ ኩስቶ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንቱ የነበረው ሲማስ ነው። በየትኛውም ብትማሪ ግድ የለም፣ ውሃው ያው ውሃ ነው። የፓዲውን የመጀመሪያ ደረጃ «ኦፕን ወተር» ይሉታል። ንባብ አለው፤ በመዋኛ ገንዳ ወይም እንደ ገንዳ በረጋ ጥልቀት በሌለው ውሃ የሚደረጉ አምስት ልምምዶች አሉት፤ ከዚያ አራት የባሕር ጠለቃ ይከተላል። ስትጨርሺ ከጓደኛ ጋር እስከ 18 ሜትር እንድትወርጂ ይፈቅድልሻል። ግን 200 ሜትር ሳትቆሚ መዋኘት፣ 10 ደቂቃም ምንም ሳትይዢ መንሳፈፍ መቻልሽን ማሳየት አለብሽ። እኛ ደገኞች እዚህ ላይ ነው የምናፍረው። ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት እዚሁ ገንዳ ገብተሽ ተለማመጂ። ቢሾፍቱ ወርደሽ ባቦጋያ ብትዋኚም ክፋት የለውም፤ ነገር ግን አንዱ ሲሊንደር ተሸክሞ መጥቶ «እዚሁ እንጥለቅ» ቢልሽ ለጊዜው እምቢ በይ። ሐይቁ ያለው 1,870 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ነው፤ ከባሕር ወለል ከ300 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ውሃ መጥለቅ የራሱ ስሌትና የራሱ ትምህርት አለው።

ገንዳው ውስጥ ከሚያሠሩሽ ሁሉ የምትጠዪው የማስኩን ልምምድ ይሆናል። ወለሉ ላይ ትንበረከኪያለሽ፤ የማስኩን ጠርዝ በጣትሽ ገለጥ ታደርጊና ውሃው እስከ ዓይንሽ እንዲሞላ ትተይዋለሽ። አፍንጫሽ ውሃ ሲነካው ሰውነትሽ «ውጪ! ውጪ!» ይልሻል፤ አየር በአፍሽ እየገባ መሆኑን ይረሳዋል። ያኔ ቀና ትይና የማስኩን የላይኛውን ጠርዝ በመዳፍሽ ተጭነሽ በአፍንጫሽ ረዘም አድርገሽ ትተነፍሻለሽ፤ ውሃው ከሥር ይወጣል። ይህን ልብሽ ሳይመታ እስክትሠሪው ድረስ ከገንዳው አትውጪ። «ሦስት ቀን ይበቃል» የሚሉሽ ይኖራሉ፤ ለአንዳንዱ ይበቃዋል። ካልበቃሽ አራተኛውንም አምስተኛውንም ቀን ጠይቂ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ፤ 15 ሜትር ላይ ማስኳ ውሃ ሲሞላባት ደንግጣ ወደ ላይ የምትተኮሰው ያን ልምምድ ያለባበሰችው ናት።

ትምህርቱ ሳይጀመር የጤና መጠይቅ ይሰጡሻል። አስም፣ የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ፣ የሳንባ ቀዶ ጥገና፣ እርግዝና እያለ ይወርዳል። ሁሉንም «የለም» እያሉ መሙላት የብዙ ሰው ልማድ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። አንቺ በልጅነትሽ ብርድ ሲመታሽ ደረትሽ ሲር ሲር ይል እንደነበር አልረሳሁም፤ ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ሳንባሽን አስመርምሪ። ሐኪሙ «አይሆንም» ካለ ክርክር የለም፤ እኔም ከእናትሽ ጋር እቆማለሁ።

አሁን ስለ አየሩ። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው የሰፈሩ ሰው እንደሚለው ኦክስጅን እንዳይመስልሽ፤ ይኸው አሁን የምንተነፍሰው አየር ተጣርቶና ተጨምቆ የገባ ነው፤ አምስት ቦታ ብትከፍይው አንዱ እጅ ኦክስጅን፣ አራቱ እጅ ናይትሮጅን። ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር 200 ባር ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር ይይዛል። ባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ ባር ይጨምራል፤ ገጹ ላይ 1 የነበረው 10 ሜትር ላይ 2፣ 20 ሜትር ላይ 3፣ 30 ሜትር ላይ 4 ይሆናል። በአፍሽ ነክሰሽ የምትተነፍሺበት ሬጉሌተር አየሩን የሚሰጥሽ በዚያው በከበበሽ ግፊት ልክ ስለሆነ፣ ገጹ ላይ በደቂቃ 20 ሊትር የምትስቢ ከሆነ 20 ሜትር ላይ 60 ሊትር ትጨርሻለሽ። 50 ባሩን ለመጠባበቂያ ብታስቀሪ የሚተርፍሽ 1,800 ሊትር ነው፤ በዚያ ጥልቀት ለ30 ደቂቃ ይሆናል ማለት ነው። ይህን ስሌት ጀልባው ላይ ሳለሽ ሥሪው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። 25 ሜትር ላይ የአየር መለኪያውን አይቶ ዓይኑ የፈጠጠ ሰው አይቻለሁ፤ ሲደነግጥ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ትንፋሹ ሲፈጥን የቀረችውም አየር በግማሽ ጊዜ ታልቃለች።

ትንፋሽሽን በፍጹም አትያዢ። በፍጹም። 10 ሜትር ላይ ሳንባሽን ሞልተሽ ትንፋሽሽን ይዘሽ ብትወጪ፣ ግፊቱ በግማሽ ስለሚቀንስ ያ አየር ገጹ ላይ ስትደርሺ እጥፍ ቦታ ይፈልጋል። ሳንባሽ ግን እጥፍ አይሆንም፤ ይቀደዳል። ለዚህ ጥልቅ ባሕር አያስፈልግም፤ የመዋኛ ገንዳ ጥልቀት እንኳ ይበቃዋል። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል፤ ሳንባ ሁለት ቢሆንም ነገሩ ያው ነው። አሰልጣኝሽ ሬጉሌተሩን ከአፍሽ አውጪ ሲልሽ ትንንሽ አረፋ እየለቀቅሽ እንድትቆዪ የሚያዝሽ ለዚህ ነው።

ጆሮ ደግሞ ሲወርዱ ነው የሚያስቸግረው። አፍንጫሽን ቆንጥጠሽ በቀስታ ንፊ፤ ሳያምሽ በፊት፣ በየሜትሩ። ካመመሽ ትንሽ ከፍ በይና እንደገና ሞክሪ፤ እምቢ ካለ የዚያን ቀን ጠለቃ ተይው። ጉንፋን ይዞሽ ከሆነማ ጭራሽ ከጀልባው አትውረጂ። ገንዘቤን ከፍያለሁ፣ ጓደኞቼ ገብተዋል የሚባል ነገር የለም። ከነገሩ ጦም እደሩ።

የመውጣትን ሕግ ያስተማረችን ፍየል ናት ብልሽ ትስቂያለሽ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በወንዝ ሥር የድልድይ መሠረት የሚቆፍሩ ሠራተኞች የታመቀ አየር በተሞላ ክፍል ውስጥ ሲሠሩ ይውሉና ሲወጡ መገጣጠሚያቸውን ጨምድዶ ይይዛቸው ነበር። የኒውዮርኩን የብሩክሊን ድልድይ ያሠራ የነበረው መሐንዲስ ዋሽንግተን ሮብሊንግ እ.ኤ.አ. በ1872 በዚሁ ሕመም ተመትቶ፣ ከዚያ ወዲያ ሥራውን የተከታተለው ከቤቱ ሆኖ ነው። ከዚያ ጆን ስኮት ሆልደን የሚባል ስኮትላንዳዊ ሊቅ መጣ። ፍየሎችን በግፊት ክፍል እያስገባ፣ ግፊቱን አንዴ በፍጥነት አንዴ በዝግታ እየቀነሰ፣ የትኛዋ የፊት እግሯን እንደምታነሣ ከባልደረቦቹ ጋር እየተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ለጠላቂዎች የአወጣጥ ሰንጠረዥ አሳተመ። ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ እያልን በችኮላዋ የምናማት ፍየል፣ ቀስ ብሎ መውጣትን ለዓለም ያስተማረችው እንዲህ ነው።

ነገሩ ይህ ነው። ግፊት ውስጥ በቆየሽ ቁጥር ናይትሮጅኑ ደምሽና ሥጋሽ ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብለሽ ከወጣሽ በሳንባሽ በኩል ሹልክ ብሎ ይሄዳል። ከቸኮልሽ ግን እዚያው ባለበት አረፋ ይሠራል። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ክዳኑን በአንድ ጊዜ ስታነሺውና ጥቂት በጥቂት ስታላሊው ያለውን ልዩነት አስቢ። ስለዚህ በደቂቃ ከ9 ወይም ከ10 ሜትር በላይ አትውጪ፤ ከራስሽ ትንንሽ አረፋዎች አትቅደሚ። 5 ሜትር ላይ ስትደርሺ ለሦስት ደቂቃ ቁሚ።

ሦስቱ ደቂቃ ቀላል ይመስላል። የጀልባው መልሕቅ ገመድ ላይ በሁለት ጣትሽ ትይዣለሽ፤ እጅሽ ላይ ያለው ጥልቀት የሚያሳይ ኮምፒውተር 5.2፣ 4.8፣ 5.1 እያለ ይዋልላል፤ የጀልባው ሆድ ከራስሽ በላይ ጥቁር ሆኖ ሲወዛወዝ ይታይሻል፤ ብርድ ብርድ ይልሻል፣ ሽንትሽ ይመጣል፣ ከላይ የሚጠበሰው ዓሣ ትዝ ይልሻል። አብሮሽ ያለው ሰው ሰልችቶት በእጁ «እንሂድ» ይልሻል። አትሂጂ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ግን የፈሰሰው የሚለቀም አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ ምልክት ካላነሣሁ አይሆንም። አውራ ጣትሽን ቀጥ አድርገሽ ብታሳዪ፣ ከተማ ውስጥ «አሪፍ ነው» ማለትሽ ነው፤ ውሃ ውስጥ ግን «እንውጣ» ማለት ነው። አንድ ልጅ ኤሊ አይቶ ደስ ብሎት አውራ ጣቱን ሲያነሣ አስጎብኚው ሰብስቦ ሁላችንንም ይዞን ወጣ። ደህና ነኝ ለማለት አውራ ጣትሽንና ሌባ ጣትሽን ክብ አድርገሽ አጋጥሚ።

አሁን ወደ አገራችን መንገድ ልመለስ፤ ፈረንጅ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ይህ በእኛ ስም ተጽፎ አታገኚውም። ጠላቂ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከጠለቀ በኋላ ወዲያው አውሮፕላን አይሳፈርም። የተለመደው ምክር አንድ ጊዜ ብቻ ከጠለቁ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግመው ወይም በተከታታይ ቀናት ከጠለቁ ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት ነው፤ ሲወጡ ከሦስቱ ደቂቃ ሌላ የግድ መቆም የነበረበት ጠለቃ ከሆነ ከዚያም በጣም ይረዝማል። ምክንያቱም የአውሮፕላን ውስጥ አየር በምድር ላይ እንዳለው አይደለም፤ ከ600 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር የሳሳ ነው። አዲስ አበባስ ስንት ነው? 2,350 ሜትር ግድም! የከተማችን አየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ቢሆን ነው። ሌላው ጠላቂ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ወደ ወፍራሙ አየር ይመለሳል፤ አንቺ ቦሌ ወርደሽ ሻንጣሽን ስትጎትቺ ሰውነትሽ ግን ገና ሰማይ ላይ ነው፤ ማታም እዚያው ሰማይ ላይ ይተኛል።

«እንግዲያው በባቡር እመጣለሁ» እንዳትዪኝ። ባቡሩ ጅቡቲ ካለው ናጋድ ጣቢያ ተነሥቶ ድሬዳዋ ሲደርስ 1,200 ሜትር ግድም ወጥቷል፤ አዋሽ ላይ ዝቅ ይልና እንደገና እስከ አዲስ አበባ ይወጣል። በመኪና በጋላፊ ብትመጪም ያው ነው። ናይትሮጅኑ ትኬትሽን አያይም።

በኔ ጊዜ ጀልባችን ላይ የሚሠራ አንድ የድሬ ልጅ ነበር። ሁለት ጊዜ ጠልቆ ዋለና ለዘመድ ሠርግ እደርሳለሁ ብሎ ማታውን የጭነት መኪና ላይ ወጣ። ዳገቱ ሲጀምር ትከሻው ጀመረው። «ሲሊንደር ስሸከም ውዬ ነው» አለና ማስታገሻ ዋጠ። ሠርግ ቤት ተቀምጦ በግራ እጁ የያዘው ብርጭቆ ሳያውቀው ወደቀ፤ ጣቶቹ ደንዝዘው ነበር። ሰው ጠጥቷል ብሎ ሳቀበት። ወደ ባሕሩ አገር መልሰው በኦክስጅንና በግፊት ክፍል እስኪታከም ብዙ ሰዓት ባከነ። ዳነ፤ ግን ከዚያ በኋላ ቋጠሮ ሲፈታ ሳየው የግራ እጁ ጣቶች ይዘገዩ ነበር።

ስለዚህ ከጠለቅሽ በኋላ ባለው አንድ ቀን ውስጥ መገጣጠሚያሽን ካመመሽ፣ ከደነዘዘሽ፣ ቆዳሽ ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ ካዞረሽ፣ ወይም ያለ ልክ ከደከመሽ፣ ለሸክምና ለፀሐይ አታሳብቢው። ለአሰልጣኝሽ ተናገሪ፤ ንጹሕ ኦክስጅን ይስጡሽ፤ ሐኪም ጋ ይውሰዱሽ። ገና የመጀመሪያ ቀን ጀልባው ላይ ስትወጪ «የኦክስጅኑ ሣጥን የት ነው? ክፈቱና አሳዩኝ። ቅርቡ የግፊት ሕክምና ክፍል የት ነው? በምን እንሄዳለን?» ብለሽ ጠይቂ። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ። ሰውዬው ከተቆጣ ሌላ ጀልባ ፈልጊ። ዳን የሚባለውን የጠላቂዎች ኢንሹራንስም ከመሄድሽ በፊት ግዢ፤ የግፊት ክፍል ሕክምና ውድ ነው።

ጀልባ ስትመርጪም በዋጋ ብቻ አትምረጪ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ፤ እኔ ደግሞ አየርን ከኮምፕረሰሩ እላለሁ። ዞር ብለሽ ሲሊንደር የሚሞላው ይህ ማሽን አየር የሚስብበትን ቱቦ እይ፤ የሞተር ጭስ ማውጫ አጠገብ ከሆነ ውልቅ ብለሽ ሂጂ። ጭሱ ከአየሩ ጋር ከገባ ሲሊንደሩ ውስጥ መርዝ ተሞላ ማለት ነው። ከሲሊንደሩ ጥቂት ልቀቂና አሽትቺ፤ ጥሩ አየር ምንም አይሸትም። ዘይት ከሸተተሽ አትንኪው። ሲሊንደር ስሞላ ስለኖርኩ በዚህ ላይ ሰው ባይከራከረኝ ደስ ይለኛል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ዕቃሽን ቀደም ብለሽ፣ ተቀምጠሽ ግጠሚ። የሲሊንደሩን መክፈቻ እስከ መጨረሻው ክፈቺ፤ ከዚያ መለኪያውን እያየሽ ሁለት ሦስቴ በሬጉሌተሩ ተንፍሺ። በሳብሽ ቁጥር መርፌው ወደ ታች እየዘለለ ከተመለሰ መክፈቻው በደንብ አልተከፈተም፤ ገጹ ላይ ይበቃል የሚመስል አየር ታች ያጥርሻል። የመንሳፈፊያ ጃኬትሽ ይነፋል ወይ? ይተነፍሳል ወይ? የእርሳስ ቀበቶሽን አንድ እጅሽ ብቻ ሊፈታው ይችላል ወይ? ያንቺን ጓደኛሽ፣ የጓደኛሽን አንቺ ፈትሹ። «እኔ ልምድ አለኝ» የሚልሽን አንድ ጊዜ ጨምረሽ ፈትሺው።

ባሕሩ ሞቃት ነው፤ እንደ ወራቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይደርሳል። ሙቀቱ አያታልልሽ፤ ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ስለሚወስድ በሁለተኛው ጠለቃ ጥርስሽ ይንቀጫቀጫል። ስስ ልብስም ቢሆን ልበሺ፤ ቆዳሽንም ከእሳት ኮራል ይጠብቅልሻል። ከላይ ደግሞ የጅቡቲ ፀሐይ ውሃሽን ይጨርሰዋል፤ ጠጪ፣ ጠጪ፣ ጠጪ። ከሰዓት በኋላ ከተማው ሁሉ ከእኛው አገር በመጣ ጫት ሲመረቅን ታያለሽ። የሌላውን አልኮንንም፤ ጠላቂ ግን አይቅምም። ልብን ያስሮጣል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ አፍ ያደርቃል፤ በምርቃና ጊዜ የሚታቀድ ጠለቃ ሁሉ ጥልቅ ነው።

ጥልቀት ካነሣሁ ዘንድ፣ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለውን የሰሙት የወንዝ መስሏቸው ነው። 30 ሜትር ግድም ሲደረስ የምትተነፍሺው ናይትሮጅን ራሱ ያሰክራል። አንዱ ይፈራል፣ አንዱ ሬጉሌተሩን ነክሶ ይስቃል፣ አንዱ መለኪያውን አይቶ ቁጥሩ ምን እንደሆነ አይገባውም። መድኃኒቱ ጥቂት ሜትር ከፍ ማለት ነው፤ ወዲያው ይለቃል። ችግሩ የሰከረ ሰው መስከሩን አለማወቁ ነው። ሪፉ እንደ ግድግዳ ቁልቁል በሚወርድበት ቦታ ደግሞ ሁልጊዜ ከበታችሽ ይበልጥ የሚያምር ነገር አለ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ዓይንሽ ዓሣው ላይ ቢሆንም በየደቂቃው ወደ ኮምፒውተርሽ ይመለስ።

መጀመሪያ ሙሻና ማስካሊ ይብቁሽ። ውሃቸው ገር ነው፤ ኮራሉም ዓሣውም ለጀማሪ ይተርፋል። ሰባቱ ወንድማማቾች የሚባሉት ደሴቶች ባብ ኤል መንደብ ላይ ናቸው፤ ጅረቱ ኃይለኛ ነው። የጉቤት ባሕረ ሰላጤ መግቢያውም እንደዚያው፤ በጠባቡ በር የሚገባና የሚወጣው ውሃ ሰው ይዞ ይሄዳል። እግርሽን በፍራሽሽ ልክ ዘርጊ፤ እነሱ የትም አይሄዱም።

ምንም ነገር አትንኪ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል ተረት ይመስልሻል፤ ሪፉ ቀዳዳ ውስጥ እጅሽን ብትሰጂ ሞሬይ የሚባለው እባብ መሳይ ዓሣ ጥርሱን ያሳይሻል። ድንጋይ መስሎ አሸዋ ላይ የሚተኛው ስቶንፊሽ ደግሞ ጀርባው ላይ ያለው እሾህ መርዛም ነው። ከወጋሽ እግርሽን ልትችዪው በምትችዪው ሙቅ ውሃ ውስጥ፣ 45 ዲግሪ ግድም ባለ፣ ነክረሽ ወደ ሐኪም ሂጂ። ኮራሉም ድንጋይ አይደለም፤ ሕይወት ያለው እንስሳ ነው፤ ብዙው ዓይነት በዓመት የሚያድገው በጣት የሚለካ እንኳ አይደለም። አንዲት የእግር መቅዘፊያ (የፊን) ምት የሰበረችውን የልጅ ልጅሽ ላትደርስበት ትችላለች።

ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ከሄድሽ ዌል ሻርክ ታያለሽ፤ አርታ ባሕር ዳርቻ ፊት ለፊት ይመጣሉ። ለዚህ ሲሊንደር አያስፈልግሽም፤ ማስክና የአፍ ቱቦ ይበቃል። አብዛኞቹ ገና ያላደጉ ናቸው፤ እንዲያም ሆኖ ከአንቺ ብዙ ይረዝማሉ። ስሙ ሻርክ ይሁን እንጂ የሚበላው ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ነገር ነው። ከጎኑ ራቅ ብለሽ ዋኚ፣ ፊቱን አትዝጊበት፣ ጭራውን ሽሺ። ጀልባው ቱሪስት ለማስደሰት ላዩ ላይ ሲነዳ ካየሽ ተናገሪ፤ ገንዘብ የከፈለ ሰው ሲናገር ይሰማሉ።

እናትሽ የማታውቀው አንድ ነገር ነግረሽኛል፤ ነገሩን እንጀራ ልታደርጊው ነው። ጥሩ። በኔ ጊዜ ውሃ ውስጥ የሚመሩት ባሕር ተሻግረው የመጡ ነበሩ፤ እኛ ሲሊንደር እናነሣ ነበር። ያ ቢለወጥ ደስ ይለኛል። ግን እዚህም ላይ አወጣጥሽን እወቂበት። ከኦፕን ወተር ቀጥሎ እስከ 30 ሜትር የሚያወርደው ደረጃ አለ፣ ከዚያ የነፍስ አድን ትምህርት፣ ከዚያ ዳይቭማስተር፣ ከዚያ አሰልጣኝነት። ዳይቭማስተር ለመሆን ፓዲ 60 የተመዘገበ ጠለቃ ይጠይቃል፣ ለአሰልጣኝነት ፈተና ደግሞ 100። አንዳንዶች በአንድ ወቅት ሁሉንም ጨርሰው አሰልጣኝ ነኝ ይላሉ፤ ቁጥሩ ሞልቷል፣ ግን መቶውም በአንድ ሪፍ፣ በአንድ ጸጥ ባለ ውሃ የተጠለቀ ነው። በጅረት፣ በድፍርስ ውሃ፣ በሌሊት፣ ከደነገጠ ሰው ጋር የጠለቅሽባቸው ቀናት መዝገብሽ ላይ በደንብ ይጻፉ። የነፍስ አድኑን ትምህርት ደግሞ ሌሎቹን ሁሉ ብትተዪ እንኳ እንዳትተዪው፤ ለሌላው ሰው መትረፍ እስክትችዪ ድረስ ሌላውን ሰው ይዘሽ አትውረጂ።

የመመለሻሽን ነገር አሁኑኑ እንጨርሰው። የመጨረሻ ጠለቃሽ ከቀትር በፊት ይሁን። የዚያን ቀን ከሰዓትና በማግስቱ ሙሉውን ከተማው ውስጥ ቆዪ። ሞቀኝ ብለሽ ነፋስ ፍለጋ አርታ ከተማ ድረስ እንኳ አትውጪ፤ ስሟ ከባሕር ዳርቻው ጋር አንድ ቢሆንም ከተማዋ ተራራው ላይ፣ 700 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት። ይልቅ የየመኖቹ ዓሣ ቤት ግቢ፤ ለሁለት ሰንጥቀው በርበሬ ቀብተው ምድጃ ውስጥ የሚጋግሩትን ከትኩስ ቂጣ ጋር ብዪ። ወደ አዲስ አበባ የምትነሺው በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነው፤ ትኬቱን ዛሬውኑ በዚህ ልክ ቁረጪ። ለእናትሽ ግን የምትመለሺበትን ቀን ስትነግሪያት አንድ ቀን አሳልፈሽ ንገሪያት፤ አለበለዚያ ከማለዳው ጀምራ «የት ደረስሽ፣ ምን አቆየሽ» እያለች ስልኩን ስታስጮኸው አንቺም ተጨንቀሽ ቀድመሽ ትሳፈሪያለሽ።